የጋሽ ኤዳኦ የጠዋት ቆጠራ

የጋሽ ኤዳኦን ሞት የነገረኝ ሰው አይደለም፣ ግሩፕ ነው። ያውም ድምፁን ዘግቼ የተውኩት የድሮ መሥሪያ ቤቴ የቴሌግራም ግሩፕ። አዳማ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ እስኪመጣልኝ ስልኬን ሳገላብጥ ያልተነበቡት መልእክቶች ሦስት መቶ ደርሰዋል። ቁጥሩ እንዲጠፋልኝ ብዬ ስከፍተው ፎቶአቸው ወጣ። ያ አመድማ ኮታቸው፣ ያ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚያዘነብል ባርኔጣቸው። ከሥሩ «ወደ ጌታ ሄደዋል» ይላል፤ ከዚያ በታች የተጋጠሙ እጆች፣ የተጋጠሙ እጆች፣ አሁንም የተጋጠሙ እጆች። አንዱ ተሳስቶ ይሁን ቸኩሎ አውራ ጣት አድርጎበታል። ቀብራቸው ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል።

ማኪያቶው መጣ፣ ሳልነካው ቀዘቀዘ። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ምን እንደሆነ እውነቱን ልናገር፤ «ተቀይመውኝ ሞቱ» ነው ያልኩት። ለራሴ ነው ያዘንኩት። ለእሳቸው ማዘን የጀመርኩት በማግስቱ አሰላ ስደርስ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ አሰላ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰብል ባለሙያ ሆኜ ስገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ብርድ ለምጃለሁ ብዬ ብመጣም የጭላሎ ተራራ ጉም አጥንቴ ውስጥ ገባ። ኦሮምኛ አንድ ቃል አላውቅም፣ ከተማው ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም። የመጀመሪያው ቀን ማህደር እንዲከፈትልኝ ወደ መዝገብ ቤት ላኩኝ። እዚያ ከመደርደሪያዎቹ መሀል ረዘም ያሉ፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ብቅ አሉና እጄን ይዘው አለቀቁም።

«እንዴት አደርክ? ቤተሰብ እንዴት አደረ? ከብቶቹ እንዴት አደሩ?»

«ከብት የለኝም ጋሼ» አልኩ እየሳቅኩ።

«አባትህስ?»

«ሦስት ላሞች አሉት።»

«ታዲያ እነሱ እንዴት አደሩ?»

አላውቅም። እሳቸው ግን እጄን እንደያዙ መልሱን ጠበቁ። የዚያን ቀን ማታ አባቴ ጋ ደውዬ ላሞቹ እንዴት እንደሆኑ ስጠይቀው «ምነው ልጄ፣ ደህና ነህ?» አለኝ። እስከዚያን ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ጋሽ ኤዳኦ መዝገብ ቤቱን እንደ በረት ነበር የሚጠብቁት። አንድ ፋይል ከወጣ በትልቁ ደብተር ላይ «የወጣ» በሚለው ሥር ይጻፋል፤ ማን ወሰደው፣ በስንት ሰዓት። ሲመለስ «የገባ» ላይ ይፈርሙበታል። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ያልተመለሰ ካለ ባርኔጣቸውን ደፍተው ከቢሮ ቢሮ ይዞራሉ። አንድ ቀን ኃላፊያችን «ነገ ይመለሳል፣ ምን ያስቸኩላል ጋሽ ኤዳኦ?» ቢላቸው «ፋይሉ ሜዳ አድሮ እኔ ቤቴ ገብቼ ልተኛ?» አሉት። ከዚያ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። ሰውዬው ሳይወድ በግዱ መሳቢያውን ከፈተ።

ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው መምህርት ልጃቸው ሌንሴ ስማርት ስልክ ገዛችላቸው። እንደ አዲስ ፋይል በሁለት እጃቸው ይዘውት መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ያ ሙሌ፣ ይሄን ነገር ክፈትልኝ ማሎ» አሉኝ፤ «ማሎ» በኦሮምኛ እባክህ ነው፣ «ያ» ደግሞ የመጥሪያ ቃል። ሙሉጌታ ብላ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ናት፤ «ያ ሙሌ» ያሉኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ቴሌግራም ጫንኩላቸው፣ የሰዎቹን ስም አስገባሁላቸው። መጻፉ አልሆነላቸውም፤ አንድ ፊደል ሲነኩ ሦስት ይወጣል። ስለዚህ ቮይስ አስተማርኳቸው።

የእሳቸውን ቮይስ የሰማ አይረሳውም። «እንዴት አደርክ?» ይሉና ዝም ይላሉ። ሰላምታ መመላለስ ነውና አንተ «እግዚአብሔር ይመስገን» እስክትል ይጠብቁሃል። ከዚያ «ቤተሰብስ?» ይላሉ፣ እንደገና ዝምታ። «ዝናቡስ ጣለ?» ዝምታ። አራት ደቂቃ ከምትሆነው መልእክት ሁለቱ ደቂቃ ለእኔ መልስ የተተወ ቦታ ነው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ በዚያን ሰዓት የለሁም፣ ዝም ብለው ይቀጥሉ» ብላቸው «ታዲያ አቋርጬህ ልናገር?» ብለው ተቆጡኝ።

አንድ ቀን ከስሞቹ ሥር ያለውን ትንሽ ጽሑፍ በጣታቸው እያሳዩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። «ላስት ሲን ይባላል። ሰውዬው ለመጨረሻ ጊዜ ስልኩን የከፈተበት ሰዓት ነው» አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ የሌንሴን አዩ፣ የፓስተራቸውን አዩ፣ የእኔን አዩ። ፊታቸው ሲበራ አሁንም ይታየኛል።

«ስለዚህ ይሄ የወጣ የገባ ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆጠራ ተጀመረ። በየጠዋቱ ገና ከቤት ሳይወጡ የሁሉንም ስም አንድ በአንድ ያያሉ። ሥራ ሲገቡ ውጤቱን ይዘው ነው። «ሌንሴ አድራለች። ፓስተሩ አድሯል፣ ግን ዛሬ አርፍዷል። ሁሩታ ያለው ወንድሜ አድሯል።» እኛም እንቀልድባቸው ነበር። «እኔስ ጋሽ ኤዳኦ፣ አደርኩ?» ስላቸው «አንተ መቼ አደርክ! ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው የተኛኸው። ምን ትሠራ ነበር?» ብለው ቢሮው ሁሉ እየሰማ ያሳፍሩኛል። ሰው ስልኩን ከነካ ደህና አድሯል፤ ካልነካ መጠየቅ አለበት። ለእሳቸው ጠቅላላው የስልክ ጥቅም ይኼ ነበር። ፌስቡክ ብንከፍትላቸው «የማላውቀው ሰው እንዴት እንዳደረ ማወቁ ምን ያደርግልኛል?» ብለው መለሱልን።

እየቀለድን ሳለ ግን የሚያስደነግጥ ነገር ሆነ። ጡረታ ወጥታ ብቻዋን የምትኖር እትዬ ብርቄ የምትባል የድሮ ታይፒስታችን ነበረች። አንድ ሰኞ ጋሽ ኤዳኦ ቢሮ ሲገቡ ሰላምታ እንኳ አልሰጡንም። «ብርቄ አላደረችም» አሉ። ስልኳ ቻርጅ ጨርሶ ይሆናል አልናቸው። «ቅዳሜም አላደረችም፣ እሑድም አላደረችም» አሉና ባጃጅ ይዘው ሄዱ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። በሩን ሰብረን ስንገባ መታጠቢያ ቤት ወድቃ፣ እግሯ ተሰብሮ፣ ድምጿ ጠፍቶ አገኘናት። ሁለት ቀን እዚያው ነበረች። ሐኪሞቹ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አሉን። ከዚያ ወዲያ በጋሽ ኤዳኦ ቆጠራ የቀለደ የለም።

እሳቸው ጡረታ በወጡ በዓመቱ እኔ ወደ አዳማ ተዛወርኩ። ስሰናበታቸው «ሩቅ አይደለም፣ በየጠዋቱ አይሃለሁ» አሉኝ። ያዩኝም ነበር። በየቅዳሜው ደግሞ ቮይስ ይልካሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ቁጭ ብዬ አዳምጣቸው ነበር። ከዚያ ታክሲ ላይ ማዳመጥ ጀመርኩ። ከዚያ ቴሌግራም ድምፅ ማፍጠን እንደሚችል አወቅኩና ጋሽ ኤዳኦን በእጥፍ ፍጥነት መስማት ጀመርኩ። እንደዚያ ሲሰሙ እንደ ሐራጅ አስነጋሪ ናቸው፤ ለእኔ የተዉዋት ዝምታም ብልጭ ብላ ታልፋለች። ዛሬ የሚቆጨኝ ብዙ ነገር አለ፣ ይህ ግን ሲያስታውሱኝም ያሳፍረኛል። እሳቸው መልሴን እየጠበቁ እኔ እያሳጠርኳቸው ነበር።

አዳማ ያለው አለቃዬ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቆጣሪ ነበር። እሑድ ከሰዓት ግሩፕ ላይ ሥራ ይጽፋል፤ ሰኞ ጠዋት «አሥር ሰዓት ላይ ኦንላይን ነበርክ፣ ለምን አልመለስክም?» ይላል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ካለኝ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ላስት ሲኔን ለማንም እንዳይታይ ዘጋሁት። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ጋሽ ኤዳኦ ትዝ አላሉኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከስሜ ሥር ሰዓት የለም። «ላስት ሲን ሪሰንትሊ» ይላል። በዚያን ሳምንት ሌንሴ ለሥልጠና ጢቾ ሄዳ ስለነበር የሚጠይቁት ሰው አጡ። መዝገበ ቃላታቸውን አውጥተው ቃሏን ፈለጉ፤ «በቅርቡ» ይላል። በቅርቡ ታይቷል። ጋሽ ኤዳኦ ሠላሳ ዓመት በመሥሪያ ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት የለጠፉ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ተብሎ የሚጻፍበትን ወረቀት አሳምረው ያውቃሉ። ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬ ድምፅ የለውም። ሚስኮሉን አየሁት፤ ቅዳሜ እደውላለሁ አልኩና ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን የበሩ ጥበቃ ደውሎ «አባትህ መጥተዋል» አለኝ። ደንግጬ ስወርድ ጋሽ ኤዳኦ ናቸው። በዚያ በአዳማ ሙቀት ያ ኮት፣ ያ ባርኔጣ፣ በእጃቸው በጨርቅ የተቋጠረ ጭኮ። የታመመ ሰው ጋ ባዶ እጅ አይኬድምና ገብሱን አስቆልተው በቅቤ አስለውሰው ነው የመጡት። ሲያዩኝ እቃውን መሬት ላይ አስቀምጠው ሁለት ትከሻዬን ያዙ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«አለህ? ያ ሙሌ፣ አለህ?»

«አለሁ ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«በቅርቡ ታይቷል ይላል እኮ! በቅርቡ ታየ የሚባለው የጠፋ ሰው ነው! እዚህ እስክደርስ ልቤ አልተመለሰችም።»

አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። «አሃ!» አለ እየሳቀ፣ «ለካስ ዘግተኸው ነው። እኔ ደግሞ ኔትወርክ መስሎኝ።» ሌሎቹም ሳቁ። ፊቴ በእሳት ነደደ። ያኔ መሳቅ ነበረብኝ፤ ወይም እጃቸውን ይዤ ምሳ ልጋብዛቸው፣ ጉዳዩን በቀስታ ላስረዳቸው እችል ነበር። እኔ ግን ወደ አጥሩ ጥግ ወስጄ ዛሬ ድረስ ጆሮዬ ላይ የሚጮኸውን ነገር ተናገርኩ።

«ጋሽ ኤዳኦ፣ ሰው የራሱ ገመና አለው። እኔ ፋይል አይደለሁም። እባክዎ እኔን መቁጠር ይተዉ።»

አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ያዩትን ነገር እንደማያምን ሰው ትንሽ አዩኝና መልሰው አደረጉት። «ይቅርታ አድርግልኝ» አሉ። «አሳፈርኩህ። እኔ እኮ አድሯል ልል ብቻ ነው።» ምሳ ብላቸው እምቢ አሉ። ጭኮውን ለጥበቃው ሰጥተው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። እኔም ስብሰባ አለኝ ብዬ አልሸኘኋቸውም።

ቅዳሜ ቮይስ አልመጣም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣም። ያን ጊዜ ስማቸውን ከፍቼ አየሁት። ድሮ እንደ ደወል ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያሳየው ቦታ ላይ «ሪሰንትሊ» ይላል፤ ሰዓቱ የለም። ዘጉብኝ ማለት ነው አልኩ። ሌንሴን ጠይቀው፣ ሴቲንጉን አስፈልገው፣ እንደዘጋሁባቸው ዘጉብኝ። መጀመሪያ ተሸማቀቅኩ። ውሎ ሲያድር ግን እንደ ማንኛውም ጥፋተኛ እኔው ተቀየምኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስልኩን አነሳና ያቺ «ሪሰንትሊ» የምትል ቃል ፊቴ ላይ እንደተዘጋ በር ትሆንብኛለች፤ አስቀምጠዋለሁ። ለፋሲካ ለሁሉም የላክሁትን ሥዕል ለእሳቸውም ላክሁ። «አሜን» ብለው መለሱ። አንድ ቃል። ለእሳቸው ጣት ያቺ አንድ ቃል ስንት ደቂቃ እንደፈጀች አላሰብኩም፤ ቀዘቀዙኝ ብዬ ያዝኩባቸው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ፣ ከመሞታቸው ከሳምንት በፊት ገደማ ነው፣ ጨክኜ ልደውል ብዬ ስማቸውን ከፈትኩ። አሁንም «ሪሰንትሊ»። ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ኩርፊያ ላይ ናቸው እንጂ፣ አልኩና ዘጋሁት።

አሰላ የደረስኩት ዓርብ ረፋዱ ላይ ነው። ድንኳኑ አልተነሣም፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው በኦሮምኛ በቀስታ ይዘምራሉ። እትዬ ብርቄ በከዘራ ተደግፋ ከፊት ተቀምጣለች፤ ስታየኝ ራሷን ነቀነቀች። ሌንሴ ተነሥታ አቀፈችኝ፣ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ጠዋት ተነሥተው አልጋቸው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ፣ ስልካቸው በእጃቸው እንዳለ ደም ግፊቱ እንደጣላቸው ነገረችኝ። ሆስፒታል ገቡ። ስልኩ ቤት ቀረ፣ ባትሪውም አለቀ።

«ለምን አልደወልሽልኝም?» አልኳት።

«ልደውል ነበር። ‹አትደውዪ፣ ሥራ ላይ ነው፣ አንድ ጊዜ አሳፍሬዋለሁ› አሉኝ።» ነጠላዋን ሳበች። «አማርኛው ከአፋቸው ጠፍቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግን ‹ሙሌን ነጋ ቡሌ?› ይሉኛል፤ ሙሌ በሰላም አደረ ወይ ማለታቸው ነው። ‹ኤዬ አባ፣ ቡሌራ› እላቸዋለሁ፣ አዎ፣ አድሯል ብዬ። ምን ልበላቸው? እኔ የት አውቄ?»

 «ተቀይመውኝ መስሎኝ ነበር። ላስት ሲናቸውን ዘግተውብኝ ነበር» አልኳት።

ሌንሴ ዞር ብላ አየችኝ። «አባቴ? የስልኩን ድምፅ መጨመር እንኳ እኔን ነው የሚጠሩት። በመጨረሻ ጊዜማ ሲቆጥሩ አንተ ጋ ሲደርሱ ‹በቅርቡ ታይቷል፣ ይበቃል› ብለው ነበር የሚያልፉት።» እጇን ዘረጋች። «እስቲ ስልክህን።»

ሰጠኋት። ሴቲንግ ውስጥ ገብታ አየችና ረጋ ባለ በመምህር ድምፅ ነገረችኝ። «የአባቴ ክፍት ነው። የዘጋኸው አንተ ነህ ሙሌ። አንተ የራስህን ስትዘጋ የሌላውም ሰው ሰዓት ላንተ አይታይም። ሕጉ እንደሱ ነው፣ ለሁሉም። አላወቅክም?»

አላወቅኩም። ወራት ሙሉ ያኮረፍኩት የራሴን በር ነው።

«ልክፈተው?» አለች።

«ክፈቺው።»

ነካችውና ስማቸውን ከፍታ መለሰችልኝ። «ሪሰንትሊ» የሚለው ቃል የለም። በቦታው ቀንና ሰዓት ተጽፏል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት የነበረው ሐሙስ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ስምንት። ሌንሴ በትከሻዬ ላይ አየችው። «አዎ» አለች፣ «የዚያን ቀን ነው የወደቁት።» ከዚያ የመጡ ሰዎችን ልትቀበል ተነሥታ ሄደች።

ዝማሬው መሀል ተቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ እያልኩ እስከ ሞቱበት ሰኞ። አሥራ አንድ ቀን ነው። የራሴን ባልዘጋውና ዓርብ ጠዋት አንድ ጊዜ ብመለከት ኖሮ አለማደራቸውን አውቅ ነበር። አዳማ መናኸሪያ ከቢሮዬ በር በእግር አሥር ደቂቃ ነው፣ ወደ አሰላ የሚሄደው ሚኒባስ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሣል፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ረዳቶቹ «አሰላ፣ አሰላ» እያሉ ሲጣሩ በመስኮቴ እሰማቸው ነበር።